የኔልስ ቤይ ግዝት

ኔልስ ቤይ፣ ደቡብ አፍሪካ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለነፍስ አባቴ ለአባ ጽጌ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይፍቱኝ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የላክሁት ቅባት ደርሶዎት ይሆን? ስልክ ከገዳሙ በር አያልፍም ብለው ከቆረጡ እንግዲህ እንደ ጥንቱ በመንገደኛ እጅ እንጻጻፋለን። እኔም አልጠላሁትም፤ በስልክ የማይወጣ ነገር በብዕር ይወጣል።

«ምእመናኑ ስንት ናቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። የትኞቹን ልንገርዎ? በሕይወት ያሉት ስልሳ ሁለት ናቸው። ከከተማው ጀርባ በሕዝብ መቃብር ያረፉት ደግሞ አሥራ አንድ። እውነቱን ለመናገር ከጆሃንስበርግ ያስጠሩኝ ለሙታኑ ብለው ነው። አሥራ አንዱም ሱቃቸው ውስጥ የተገደሉ፣ አስከሬናቸውን ወደ አገር መላክ ያልተቻለ፣ ያለ ፍትሐት የተቀበሩ ናቸው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሻሜቦ ሃንዲሶ ከአውቶቡስ አውርዶ በቀጥታ የወሰደኝ ወደዚያው ነው። «አባ፣ ሻይ በኋላ ይጠጣሉ፤ እነዚህ ቀድመው ተሰልፈዋል» አለኝ።

የእኛ ሰዎች ሎኬሽን በሚባለው የድሆች ሰፈር ሱቅ ከፍተው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ዳቦና ስኳር ይሸጣሉ፤ እዚያው ከዕቃው ኋላ ይተኛሉ። ለጸሎት የተከራየነው ወደቡ አጠገብ ያለ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ነው። ባለቤቷ ማማ ኖምቡሌሎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ምፉንዲሲ ትለኛለች፤ በቋንቋቸው የሃይማኖት አባት ማለት ነው። መጋዘኑን ሰባት ጊዜ በበረኪና አጥበን አሁንም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። «ሐዋርያቱም እንዲሁ ነበር የሚሸቱት» ይለኛል ዲያቆን ኤርጫፎ።

ዲያቆናት ማግኘት አልሆነልኝም። ዲያቆን ነኝ ብለው የመጡ ሰባት ነበሩ። ስመረምራቸው አንዱ ሁለት ሚስት አለው፤ አንዱ የተሾመበትን ጳጳስ ስም አያውቅም፤ አንዱ ደግሞ «ዲያቆን» የሰፈር ቅጽል ስሙ ሆኖ ተገኘ። የተረፈልኝ ይኸው ኤርጫፎ ብቻ ነው። ከገዳሙ በታች ያሉት የወይዘሮ ድንቄ ልጅ ነው። ሲያስቀኝ የሰነበትሁበትን ሐዘን ያስረሳኛል፤ እሱ ባይኖር እስካሁን ሻንጣዬን አንሥቼ ነበር።

ሌላው ጭንቀቴ የጦር መሣሪያ ነው። ሁሉም ሽጉጥ ይታጠቃል። የመጀመሪያው እሑድ ለኪዳን ስንሰግድ ከአንዱ ወገብ ወድቆ ወለሉን ተንሸራትቶ እግሬ ሥር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ሰው ሽጉጡንም ጫማው ውስጥ ትቶ ይግባ ብዬ አዝዣለሁ። አጉረመረሙ፤ ግን ታዘዙ። ጥሩ አድርጌያለሁ?

አቡነ ሊቀ ጳጳሱ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ለሰኔ 12 ሊያመጡልን ቃል ገብተዋል። እስከዚያ ሁለተኛ ቄስና ሁለት ዲያቆናት ካላገኘሁ ቅዳሴ የለም፤ ታቦቱም ቢመጣ በዝምታ ይቀመጣል። ባለቤቴን ለምን አላመጣሃትም ላሉኝ፣ በዚህ ከተማ መጀመሪያ የመኖሪያ ቦታ ላግኝላት፤ የመቃብሩስ ሞልቷል።

ቡራኬዎ ይድረሰኝ።
ልጅዎ ቀሲስ ሠርፀ

---

ጥር 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቀሲስ ሠርፀ፤

እግዚአብሔር ይፍታህ። ቅባቱ ደረሰኝ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው፤ ዝንቡ ግን ከሽታው ሸሽቶልኛል፤ ተመስገን።

ስለ ሽጉጡ ያዘዝከው ደግ ነው። ሙሴን ጫማህን አውልቅ ያለ አምላክ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ቢያገኘው እሱንም ያስፈታው ነበር። የሚከራከርህ ካለ አባ ጽጌ አዝዟል በለው። ደም ያለበት እጅ ታቦት አይነካም፤ ደም ሊያፈስ የተዘጋጀ ወገብም አይሰግድም።

የድንቄን ልጅ አውቀዋለሁ። ዳዊት ሲማር ጓደኞቹን እያሳቀ ስንቱን አስገርፏል። አፉ ከልቡ ቀድሞ ይሮጣል፤ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። እናቱ በየሳምንቱ እየመጣች «ከእኔ ልጅ ወሬ የለም?» ትለኛለች። ቢጽፍላት ምን አለ? ሞኝ አይደለም፤ ሰነፍ ነው። ንገረው።

አባ ጽጌ

---

ኔልስ ቤይ፣ የካቲት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ጽጌ፤

ይፍቱኝ። በአጭሩ ስለጻፍሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ግራ እጄን ትንሽ አሞኝ ወረቀቱን የሚይዝልኝ የለም።

ሁለተኛ ቄስ ተገኘ ወይ ላሉኝ፣ ገና ነው። ለኤርጫፎ የእናቱን መልእክት ነግሬዋለሁ፤ እጽፋለሁ ብሏል።

አንድ ልመና አለኝ። በጸሎትዎ ወልደ ማርያምን፣ ገብረ ሚካኤልንና ኃይለ ኢየሱስን ያስቡልኝ። ከሙታኑ ዝርዝር ያስገቧቸው። ትንሽ ችግር ነበር፤ አልፏል።

ስለ ሽጉጡ ያዘዝሁትን አንሥቻለሁ።

ቀሲስ ሠርፀ

---

የካቲት 29 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቀሲስ ሠርፀ፤

ትንሽ ችግር ያልከው በዚህ ወረዳ ሦስት የለቅሶ ድንኳን አስተክሏል። ወልደ ማርያም ያልከው የሃንዲሶ ልጅ፣ የሻሜቦ ወንድም ላጤቦ መሆኑን ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ሰማሁ። ሴቶቹ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሞቱት» ሲሉ፣ እኔ የነፍስ አባትህ አፌን ከፍቼ እንደ እንግዳ አዳመጥኋቸው። አፈርሁብህ። ስለ ራሴም አፈርሁ።

ሃንዲሶ «ሻሜቦስ ተርፎልኛል?» ብሎ ላከብኝ። መልሱን ከአንተ እጠብቃለሁ።

ሁሉንም ጻፍ። ያሳፈረህን አስቀድመህ ጻፍ።

አባ ጽጌ

---

ኔልስ ቤይ፣ መጋቢት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ጽጌ፤

ይፍቱኝ አባ። ያሳፈረኝን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ሦስቱም የሞቱት በእኔ ትእዛዝ ጫማ ውስጥ በተቀመጠ ሽጉጥ ነው።

የካቲት 9 እሑድ ጠዋት ነበር። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን ኪዳን እያደረስን ነው፤ በሩ ከኋላችን ነው። አራት ሰዎች ገቡ። ባዶ እጃቸውን ነው የገቡት፤ አባ፣ ይህን ልብ ይበሉልኝ። አልፈለጉም፣ አላመነቱም፤ በቀጥታ ወደ ጫማዎቹ ሄዱ። ዘወር ስንል የሁላችንም ሽጉጥ በእነሱ እጅ ነበር። የሱቅ ቁልፋችንን ነበር የፈለጉት። ላጤቦ «አልሰጥም» አለ። እሱን የመታው ሽጉጥ የወንድሙ የሻሜቦ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ወደ በሩ ሲሮጡ ወደቁ። እኔ መስቀሉን ወደ ላይ ሳነሣ ጥይት መዳፌን በስቶ አለፈ። ቁልፉን ሰብስበው ወጡ፤ በዚያው ዕለት ሎኬሽን ውስጥ አሥራ ስድስት ሱቅ ተዘረፈ፤ ስድስቱ ተቃጠሉ። ፖሊስ መጥቶ ጻፈና ሄደ። አራቱን ከዚያ ወዲህ ያየ የለም።

ለሃንዲሶ፣ ሻሜቦ አለ ይበሏቸው። መኖር ከተባለ። ምግብ አይቀምስም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ «ጫማ ውስጥ መሆኑን ማን ነገራቸው?» ይላል። ከእኛ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከእኛ አንዱ ነው። አሁን ሰዎቼ አይጨባበጡም። ሲጸልዩ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ሽጉጣቸውን ታቅፈው ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች በጥርጣሬ ተኳርፈው አንዱ የሌላውን ጆሮ በጠርሙስ ቆረጠው። ኤርጫፎ እንኳ ቀልዱን ትቷል። ወለሉን ያጠበው፣ ላጤቦንም የገነዘው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አያየኝም።

ሻሜቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ «ያውግዙልን» አለኝ። ያየ፣ የሰማ፣ የተናገረ ሁሉ በመስቀሉ ፊት እንዲናገር። «ሰይጣንም ቢሆን ግዝት ይፈራል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከሰይጣን የባሰ ይፈራል» አለኝ። እኔ ፈራሁ። አገር ቤት ግዝት አይቻለሁ፤ እዚህ ግን ሁሉም የታጠቀ ነው። ካላወገዝሁ እርስ በርስ ይተላለቃሉ፤ ካወገዝሁ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሰኔ 12 እየቀረበ ነው። ምን ላድርግ?

ቀሲስ ሠርፀ

---

ሚያዝያ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሠርፀ፤ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

በመጀመሪያ፣ የሽጉጡን ትእዛዝ ያጸደቅሁልህ እኔ ነኝ፤ ለብቻህ አትሸከመው።

ሁለተኛ፣ አውግዝ። አርባ ዓመት አውግዣለሁ። የጠፋ በሬም፣ የተሸሸገ ደምም ወጥቶልኛል፤ አንድም ሰው አልሞተብኝም። ያልፈረጠ እባጭ ሰውነቱን ሁሉ ይመርዛል። ጥርጣሬ ስልሳ ሰው ከሚገድል አንዱ ተናግሮ ቢዋረድ ይሻላል። ሦስት እሑድ አስጠንቅቅ፤ በሦስተኛው አውግዝ። የሚናገረው ሲናገር መስቀሉን አሳልመው።

ታቦት ወደ ተጠራጣሪዎች ቤት አይገባም። ቤትህን አጥራ።

አባ ጽጌ

---

ኔልስ ቤይ፣ ግንቦት 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ጽጌ፤

እንዳዘዙኝ አደረግሁ።

ሦስት እሑድ አስጠነቀቅሁ። በሦስተኛው፣ ግንቦት 17፣ መስቀሉን በተበሳው እጄ ይዤ «የነገርህ፣ ያስነገርህ፣ አውቀህ የደበቅህ፣ ከመቅደሱ የተለየህ ሁን» አልሁ። ገና አፌን ሳልዘጋ ከጎኔ መጽሐፉን ይዞልኝ የቆመው ሰው «አባ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ኤርጫፎ ነው።

ለማን ነገርህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ተናገረ። ሉቩዮ የሚባል የጎረቤት ወዳጅ አለው፤ ማታ ማታ የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። «አንድ ቀን ሲያስቀኝ እኔም ላስቀው ብዬ ነው» አለ። «የእኛ ሰዎች እሑድ እሑድ ሽጉጣቸውን ጫማቸው ውስጥ አስተኝተው ይጸልያሉ፤ ካልሲያቸው ስለሚሸት ሌባም አይደፍረውም አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እነዚያ ሰዎች ወደ ጫማው ሲሄዱ ነው የገባኝ። እስከ ዛሬ ልናገር ስል ምላሴ ይታሰራል። ላጤቦን ሳጥበው ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን አልመለሰልኝም።» ከዚያ ተንበርክኮ መስቀሉን ሊሳለም አንገቱን ዘረጋ።

መስቀሉ ላይ አልደረሰም። ሻሜቦ በፀጉሩ ይዞ ጎተተው።

የሆነውን አልዘረዝርም። እኔን ሁለት ሰዎች ግድግዳ ላይ አጣብቀው ያዙኝ፤ ሁለቱም የንስሐ ልጆቼ ናቸው፣ ሁለቱም «ይፍቱን አባ፣ ይፍቱን» እያሉ ነው የያዙኝ። የተመታው ዓሣ በሚመዝኑበት ብረት ነው። በመጨረሻ የበተነቻቸው ማማ ኖምቡሌሎ ናት፤ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ገብታ መሐላቸው ደፋችው። «ከእኔ ግቢ ሰው አይገደልም! እናንተ ስትሞቱ እኔ ነኝ የማለቅሰው፤ ዛሬ ስትገድሉ ማን ያልቅስላችሁ?» አለች። የምትለውን ማንም የሚሰማት አልነበረም፤ ውሃው ግን ገባቸው።

ሦስት ቀን ቆየ። ፊቱ የሚታወቅ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን «ግዝቱ ተፈታልኝ?» አለኝ። ፈታሁት። ቁርባን ለመነኝ። ታቦት በሌለበት ከየት ላምጣለት? ሳይቆርብ ረቡዕ ማታ ሞተ።

አባ፣ የሚብሰውን ልጨምርልዎ። ሰዎቹ ተሰብስበው «ሌቦች ገደሉት ብለን አስከሬኑን ወደ አገር ቤት እንላክ» አሉ። ሻሜቦና ኤርጫፎ የአንድ ምንጭ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ናቸው፤ እውነቱ ከተሰማ እዚያም ሁለቱ ቤት ይጨራረሳል ብለው ፈሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ምን አሉኝ መሰለዎ? «በዚያው መስቀል ዝም እንድንል ያውግዙን።» እንቢ አልሁ። ግን እኔም ዝም አልሁ። ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ሲልኩ ዝም አልሁ።

እጄ አልመታም፤ የገደለው ግን የእኔ ቃል ነው። ታቦቱን ልቀበል ወይስ አልቀበል? መልስዎ ሳይደርስ አቡኑ እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ቢሆንም እጠይቅዎታለሁ፤ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

ቀሲስ ሠርፀ

---

ሰኔ 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሠርፀ፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የኤርጫፎ አስከሬን ከተቀበረ አሥር ቀን ሆኖታል። እኔ ነኝ የፈታሁት። ሌባ ገደለው ብዬ ነው የቀበርሁት።

ደብዳቤህን አንብቤ በዚህ ጉልበቴ ቁልቁለቱን ወርጄ ወደ ድንቄ ድንኳን ሄድሁ። ምን ልላት እንደሄድሁ አላውቅም። የሻሜቦ አባት ሃንዲሶ ከጎኗ ተቀምጧል፤ እሱ ለላጤቦ ለቅሶ ሲቀመጥ እሷ እንዲሁ ከጎኑ አልጠፋችም ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። አንድ ነገር ሹክ እንዳሉት ከአንገቱ አወቅሁ።

ድንቄ እግሬ ሥር ወደቀች። «አባ፣ ልጄን የገደለ ስም የለውም? ከዚያ አገር የተመለሱ፣ ስልክ የሚደውሉ እዚህ ሞልተዋል። የሚያውቅ ሰው እንዲናገር ያውግዙልኝ» አለች። ከልማድ የተነሣ መስቀሌ እጄ ላይ ነበር፤ አነሣሁት። ማንን ነው የማወግዘው? ከተሰበሰበው ሕዝብ የሚያውቀው እኔ ነኝ።

መስቀሉን ዝቅ አደረግሁና «ልጅሽን ያስገደልሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

አላመነችኝም። ፊቴን ዳሰሰችኝና «አባ ደክሟቸዋል፤ ውሃ ስጧቸው» አለች። ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁት። በእርጅናዬ ያደረግሁት ነውር ሁሉ ቢቆጠር ያን ውሃ መጠጣቴን የሚያህል የለም።

አርባ ዓመት ሳወግዝ ሰው ያልሞተብኝ ግዝቱ ደግ ስለሆነ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በአገራችን አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ሲል ሽማግሌው ተነሥቶ በመሐል ይቆማል፤ እናቶች ነጠላቸውን ያነጥፋሉ፤ የተናገረው ሰው በዚያ መሐል ተሸፍኖ ይወጣል። ለእኔ እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ስለሚኖሩ አላየኋቸውም። ለአንተ መስቀሉን ብቻ እንድታነሣ ነገርሁህ፤ የሚሸፍን ሰው እንዳለህ አልጠየቅሁህም። ፈርቻለሁ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ፍርሃትህን ብሰማው ኖሮ የድንቄ ልጅ ይኖር ነበር።

ስለዚህ ንስሐ አልሰጥህም። የአንድ በደል ተካፋይ ዳኛ አይሆንም። ሌላ የነፍስ አባት ፈልግ፤ እኔም ፈልጌያለሁ። ቅዳሴም አቁሜያለሁ።

አንድ ነገር ግን አዝዝሃለሁ፤ የመጨረሻዬ ነው። ከእንግዲህ ለእኔ አትጻፍ። ለድንቄ ጻፍ። ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነብላታለሁ። ደብዳቤው ሲደርስ አስቀድሜ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ሃንዲሶንም፣ ወንድሞቿንም። ከዚያ አነባለሁ። ከማንበቤ በፊት ማንም ብረት ይዞ አይቀመጥም። ከማንበቤ በኋላ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ በመሐል እቆማለሁ።

አባ ጽጌ

---

ኔልስ ቤይ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ድንቄ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ቀሲስ ሠርፀ እባላለሁ። ልጅዎ ዲያቆን ኤርጫፎ ከጎኔ ቆሞ ያገለግል ነበር። ስለ እርስዎ ብዙ ነግሮኛል፤ ዳዊት ሲደግም ካሳቃቸው ጋር አብሮ ሲገረፍ፣ ማታ ማታ ጀርባውን ቅቤ ይቀቡት እንደነበር ነግሮኛል። ሳይጽፍልዎ የቀረው ረስቶዎት አይደለም። ከየካቲት በኋላ ሦስት ጊዜ ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ፤ ሦስቴም ቀድዶታል።

ለአቡኑ ሁሉን ተናገርሁ። ሰኔ 12 ታቦቱን ይዘው እስከ መጋዘኑ በር መጡ። ወለሉን አዩ፤ ሕዝቡን አዩ፤ «ደሙ ገና ይጮሃል» ብለው ታቦቱን ይዘው ተመለሱ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የለንም። ለምን እንደሌለን እነግርዎታለሁ፤ አባ ጽጌ እስኪጨርሱ ድረስ አይነሡ፤ የተቀመጡትም አይነሡ።

ልጅዎን ሌባ አልገደለውም። እኛ ነን የገደልነው። አፉ ያመለጠውን አንድ ቀልድ ሌቦች ሰሙት፤ በዚያ ቀልድ ሦስት ወንድሞቻችን ሞቱ። ማንም ሳያስገድደው፣ መዋሸት ሲችል፣ እግዚአብሔርን ፈርቶ በሕዝብ ፊት «እኔ ነኝ» አለ። ከስልሳ ሰው እንደዚያ የሚደፍር ሌላ አልነበረም። እኔ አውግዤ አናገርሁት፤ ሲናገር ግን ልሸፍነው አልቻልሁም። በመስቀሉና በእሱ መካከል አንድ ክንድ ነበር የቀረው።

የመታው ሰው አሁን ከጎኔ ተቀምጧል። ሱቁን ዘግቷል፤ ሽጉጡን ባሕር ጥሎታል። የፈለጋችሁትን ለመቀበል ወደ አገር ቤት ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ይምጣ ካሉት በሚቀጥለው ሳምንት፣ አይምጣ ካሉትም እስኪጠሩት ይጠብቃል። ይህን ስጽፍ «ስሜን ይጻፉት» አለኝ። ስምህን ሳልጠራ «ከእኛ አንዱ» ብዬ ልጽፍ እችላለሁ አልሁት። «አይሆንም» አለኝ። «የአባቴንም ስም ይጨምሩ፤ እዚያ ሌላ ሻሜቦ አለ፤ በስሕተት እሱን እንዳይነኩት።»

ጨምሬያለሁ። ልጅዎን የገደለው ሻሜቦ ሃንዲሶ ነው።